አባቴ የጥይት መሙያ የተከለ ሰሞን

ሰው ሕይወቱን የለወጠው ነገር ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚያኮራውን ነው የሚናገር። አንዱ ጸበል ይላል፣ አንዱ ትምህርት፣ አንዱ ከሞት አፋፍ የተመለሰበት ሕመም። የእኔን ሕይወት የለወጠው የሥጋ መክተፊያ ጉቶ ላይ በብሎን የታሰረ ቀይ ብረት ነው። ለዐውደ ምሕረት የሚሆን ታሪክ አይደለም። ቢሆንም የደረሰብኝ እሱ ስለሆነ እሱኑ ልንገራችሁ።

ስሜ ስመኝ ይባላል፤ የቢቸና ልጅ ነኝ። ያን ጊዜ ሞጣ ከተማ አንድ የግል መድኃኒት ቤት ውስጥ ፋርማሲስት ነበርኩ። እዚያው ሞጣ ይበልጣል ከሚባል የፊዚክስ መምህር ጋር ተዋወቅን፣ ተዋደድን፣ ሽማግሌ ላከ፣ አባቴም እሺ አለ። የቀረው የሠርጉን ቀን መቁረጥ ብቻ ነበር። ይበልጣል ቁመናው ያማረ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ፣ ሰው ሲያወራ ራሱን እየነቀነቀ የሚያዳምጥ ሰው ነው። ራሱን የሚነቀንቀው ስለሚሰማ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ገረመው ጤፍ ነጋዴ ነው። ከአባቱ የወረሰው አንድ ምንሽር አለው። ጠመንጃው ፈቃድ አለው፣ ማንገቻ አለው፣ በየሳምንቱ በዘይት ይወለወላል፤ ጥይት ብቻ የለውም። ለዚህ አሮጌ መሣሪያ የሚሆን ጥይት ገበያ ላይ ከጠፋ ቆይቷል። ዝናሩ ውስጥ የቀሩት አንድ ጊዜ የተተኮሱ ባዶ ቀለሆች ናቸው፤ አባቴ ለበዓል ሲታጠቀው ከሩቅ ላየው ሙሉ ይመስላል። እናቴ ይህን ዝናር «የቤታችን ኩራት፣ ቅርፊቱ» ትለው ነበር።

ነገሩ እንዲሁ በሰላም ይኖር ነበር፤ ችግሩ የይበልጣል ዘመዶች ተኳሾች መሆናቸው ላይ ነው። ሙሽራ ሊወስዱ ሲመጡ ሰማዩን ወንፊት አድርገው ነው የሚመጡ እየተባለ ይወራላቸዋል። አባቴ ይህን ከሰማ ወዲህ እንቅልፍ አጣ። ልጁን ለሰው አሳልፎ መስጠቱ እምብዛም አላስጨነቀውም። «እነሱ ሲያንጣጡት እኔ ላጨበጭብላቸው ነው?» አለኝ በስልክ።

መፍትሔው ከውጭ አገር መጣ። ሙሉቀን የሚባል የእህቱ ልጅ እዚያ አደን ይወዳል፤ የተተኮሰ ቀለህን መልሶ የሚሞላ መሣሪያ በየሱቁ እንደሚሸጥ ነገረው። አባቴ ይህን ሲሰማ ሰማይ የተከፈተለት ያህል ሆነ። ሙሉቀን የሁለት ዓይነት መሣሪያ ፎቶ በቴሌግራም ላከ። አንደኛው እጀታው አንድ ጊዜ ሲጫኑት አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ ቀላል ብረት ነው፤ ሌላው የሚሽከረከር ሳህን ያለው፣ እጀታው በተጫነ ቁጥር የተለያየውን ሥራ ሁሉ በአንድ ላይ የሚያከናውን ነው። ሙሉቀን ድምፁን ቀድቶ እንዲህ አለው፦

«ጋሼ፣ ለጀማሪ አንደኛው ነው የሚሻል። እያንዳንዷን ቀለህ በዓይንዎ እያዩ ነው የሚሠሯት። ሁለተኛው ፈጣን ነው፤ ስሕተቱም እንደዚያው ፈጣን ነው።»

አባቴ ከዚህ ሁሉ ምክር ውስጥ የሰማው «ጀማሪ» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው። ባሩድ ያሸተተው ሙሉቀን ሳይወለድ መሆኑን፣ ጀማሪ የሚባለው ትናንት ተነሥቶ ሽማግሌ የሚመክር ሰው መሆኑን በረጅሙ ቀድቶ መለሰለት። በመጨረሻም «ሽክርክሪቱን ላክ» አለው። እንግዲህ መሣሪያ የመምረጡ ሥራ በዚህ መልኩ፣ በሰፊ ጥናት ላይ ተመሥርቶ ተጠናቀቀ።

ማን እንዳመጣው፣ ፍተሻው ላይ ምን ተብሎ እንዳለፈ አልተነገረኝም። የሞጣ ሽማግሌዎች ቀን ሊቆርጡ የሚመጡበት ሳምንት ስለነበር ዓመት ፈቃዴን ወስጄ ቢቸና ስገባ ሳጥኑ ሳሎን መሐል ተቀምጦ፣ እናቴን ደግሞ ፊቷ በርቶ አገኘኋት። ሳጥኑ ላይ ያለውን ሥዕል አይታ የብርቱካን መጭመቂያ መስሏት ነበር። አባቴ እውነቱን ነገራት።

«አንተ ሰው» አለችው፣ «ልጅህን ነው የምትድር ወይስ ጦርነት የምትከፍት?»

አባቴ ብሎን እየቆጠረ ነበር።

ተከላው እንደ ምርጫው ሁሉ በጥበብ ተመራ። መጀመሪያ የታሰረው የእኔ የድሮ የጥናት ጠረጴዛ ላይ ነው። አባቴ እጀታውን ሲጫን ጠረጴዛው በሁለት እግሩ ተነሥቶ ሰገደለት። ቀጥሎ የመስኮቱ ደፍ ላይ ሞከረው፤ ደፉ ተሰነጠቀ። በሦስተኛው ማጀት ገብቶ የሥጋ መክተፊያውን የወይራ ጉቶ አንከባሎ አወጣ። እናቴ ከኋላው እየተከተለች የሠርጉ ሥጋ በምን ላይ እንደሚከተፍ ጠየቀችው። ሥጋው እንደሚደርስለት ነገራት። ብረቱ ጉቶው ላይ ሲታሰር እውነትም አልተነቃነቀም። አባቴ ራቅ ብሎ፣ ጋቢውን ሰብስቦ፣ ሐውልት መርቆ እንደከፈተ ሰው አየው።

የማስተማሪያው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንባቢዋ እኔ ሆንኩ። አባቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ እኔ እያነበብኩ ወደ አማርኛ እመልስለታለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለተኛውም ማስጠንቀቂያ ነው። ሦስተኛው ላይ ስደርስ አባቴ እጁን አነሣ።

«ይህን የፈሪ መጽሐፍ እለፊውና ወደ ሥራው ግቢ» አለኝ።

ለእሱ አለፍኩለት። ለራሴ ግን ማታ ማታ እያነበብኩ ጨረስኩት፤ የመድኃኒት ሰው ስለሆንኩ ማስጠንቀቂያ ሳላነብ መተኛት ልማድ የለኝም። ሕጉ ይህን ይፈቅድ እንደሆነም ጠይቄው ነበር። «ጠመንጃው ፈቃድ አለው አይደል? ጥይት የጠመንጃ ልጅ ነው፤ ልጅ ለብቻው ፈቃድ አይጠየቅም» አለኝ። ባሩዱንና ሌላውን ከየት እንዳገኘው አልነገረኝም፤ እናንተም አትጠይቁኝ። የመድኃኒት ቤቱን ሚዛን እንዳመጣለት ሲለምነኝ እንደማይሆን ቁርጡን ነገርኩት። ከወርቅ ሠሪ ተውሶ መጣ።

የነፍስ አባታችን መሪጌታም ቤት ሊባርኩ ሲገቡ መሣሪያውን አዩት። ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ አባቴ በኩራት ቀለህ መሙያ መሆኑን አስረዳቸው። መሪጌታ አባቴ ለደብሩ ተስሎ ሳያስገባ የቆየውን ጥላ አልረሱም። ጉቶውን ዞረው አዩና «ገረመው፣ ቀለህን ከመሙላትህ በፊት ቃልህን ሙላ» ብለው መስቀላቸውን አሳልመውት ወጡ። አባቴ ለቅኔው ሳቀ። ለነገሩ ሁለቱንም አልሞላም።

ምክንያቱም፣ ሲሠራ አየሁት። ሳህኑ ይሽከረከራል፣ እጀታው ይወርዳል፣ ይነሣል፤ ባሩዱ ይገባል፣ ተወንጫፊው እርሳስ ከላዩ ይቀመጣል፣ የተሞላው ጥይት ተንከባሎ ጣሳ ውስጥ ይወድቃል። እውነት ለመናገር ማየቱ ደስ ይላል። መጽሐፉ እርሳሱ ሳይቀመጥ እያንዳንዷ ቀለህ ውስጥ ባሩዱ መግባቱን በባትሪ እያበሩ እዩ ስለሚል እኔ ባትሪ ይዤ አጠገቡ ቆምኩ። ለጥቂቶቹ አየንላቸው። ከዚያ ሙሉቀን ደወለ፤ አባቴ በአንድ እጁ ስልኩን ይዞ በሌላው እጀታውን እየተጫነ ፋብሪካ መክፈቱን ያበሥረው ጀመር። ቀስ እንዲል ስነግረው በዓይኑ ገሠጸኝ። ወዲያው እናቴ ለእንግዶቹ ዝግጅት ጠራችኝና ባትሪውን አስቀምጬለት ሄድኩ። ስመለስ ሥራው አልቆ፣ ዝናሩ ሞልቶ፣ ባትሪው ባስቀመጥኩበት ነበር።

በማግሥቱ ከሞጣ መጡ። ይበልጣል፣ አጎቱ አያ ታደገ፣ ከእነሱም ጋር ሌሎች ሽማግሌዎች ናቸው። አያ ታደገ የቤተሰቡ አፍ ናቸው፤ እሳቸው ካልተናገሩ ሌላው አይናገርም፣ እሳቸው ከተናገሩ ደግሞ ለሌላው የሚናገረው አይተርፍም። ምሳ ተበላ፣ ጠላው ዞረ፣ ቀኑ ተቆረጠ፣ ተመረቀ። እኔ እንደ ደንቡ ጓዳ ነኝ፤ ሊዳር የተቃረበ ሰው በራሱ ጉዳይ ላይ ሲወሰን በግድግዳ ቀዳዳ ነው የሚሰማ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ዛሬ ሞጣ ውስጥ የአንድ መምህር ሚስት ነበርኩ። አባቴ ግን ዝናሩን ታጥቆ ተነሣ። የሠርጉ ቀን ተኩስ ከቢቸናም በኩል እንደሚኖር፣ ለዚያም ማሳያ እንዲሆን እንግዶቹ ከጓሮ ወጥተው አንድ ሁለት ጥይት እንዲሰሙለት ለመነ። ሁሉም ወጡ። ከጓሮአችን ባሻገር ከፍ ያለ የአፈር ገደል አለ። አባቴ ምንሽሩን አንሥቶ በሁለት እጁ ለይበልጣል ሰጠው።

«የመጀመሪያዋ የአማቼ ናት» አለ።

እኔ የጓዳውን በር ገርበብ አድርጌ አያለሁ። ይበልጣል ተኩሶ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ አያያዙ ጠመኔ እንደያዘ ሰው ነው። ቢሆንም በአጎቱና በአማቱ መሐል ቆሞ አልተኩስም አይባልም። ሰደፉን ትከሻው ላይ አደረገ፣ ጉንጩን አስጠጋ፣ ቃታውን ሳበ።

ጡፍ አለ።

ይህን ድምፅ እንዴት እንደምገልጽላችሁ አላውቅም። ትራስ ላይ የተቀመጠች ድመት እንዲያ ያለ ድምፅ ታወጣለች። ገደሉ ላይ አቧራ አልተነሣም። አያ ታደገ ጢማቸውን እየዳበሱ «ቢቸና ጤፍ ታበቅላለች ሲባል ነበር የሰማን፤ ለካ ጥይቷም ጤፍ ነው» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። የአባቴ ፊት ሲጠቁር ከበሩ ሆኜ አየሁት። ከዝናሩ ሌላ ጥይት መዝዞ ለይበልጣል አቀበለው፤ ይበልጣልም የፊተኛውን ቀለህ አውጥቶ አዲሱን አጎረሰ።

እኔ የዘለልነው ገጽ ላይ ነበርኩ። መጽሐፉ ድምፁ ከደከመ ቁም ይላል። ባሩድ ሳይገባባት የታሸገች ቀለህ ቂጧ ላይ ያለችው መለኮሻ ብቻ ስለምትጮህ እርሳሷን ከአፈሙዝ አውጥቶ የሚወረውር ጉልበት የላትም፤ ከቀለሁ ታስፈነጥረውና አፈሙዙ ውስጥ መንገድ ላይ ይሰነቀራል። ከኋላው ሙሉ ጥይት ከተተኮሰ መውጫ ያጣው ኃይል ብረቱን ይቀደዋል፤ ብረቱ የሚቀደደው ደግሞ የተኳሹ ጉንጭ ባለበት በኩል ነው።

እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ራሴን ያገኘሁት አፈሙዙን በሁለት እጄ ይዤ ወደ መሬት ስጫን ነው። በአማቶቼ ሽማግሌዎች ፊት፣ ሳልጠራ፣ ነጠላ ሳልለብስ።

«አትተኩስ» አልኩት። «የፊተኛዋ እርሳስ አልወጣችም፤ ውስጥ ናት።»

ይበልጣል ዙሪያውን አየ። ሌላ ቀን ራሱን ይነቀንቅ የነበረው ሰው ያን ጊዜ አንገቱ ደርቆ ነበር። ዝቅ ባለ ድምፅ «ግቢ፤ አታዋርጂኝ» አለኝ። ይህ ሰው በሳምንቱ ውስጥ ስለ ግፊት ያስተምራል። መውጫው የተዘጋ ግፊት ምን እንደሚያደርግ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀስት እየሣለ የሚያሳየው እሱ ነው። አያ ታደገም ከኋላ ጨመሩበት፦

«የእኛ ቤት ወንድ ሴት አስፈቅዶ አይተኩስም። ሳበው ልጄ።»

ይበልጣል አፈሙዙን ከእጄ ሊያስለቅቅ ጎተተ። እኔም አልለቀቅሁም። እንዲህ ስንጓተት ያየን ሰው የሠርግ ዋዜማ ጨዋታ ነው ሊል ይችላል። ጣቱ ግን ቃታው አጠገብ ነበር፤ አፈሙዙም በእኔ ሆድና በመሬቱ መካከል ይዋልላል። ያን ጊዜ ፈርቼ ነበር። ሌላውን ሁሉ እየቀለድኩ ብነግራችሁ ይህን በቀልድ ልነግራችሁ አልችልም።

አባቴ ቀስ ብሎ መጣ። እንዲቆጣኝ ጠብቄ ነበር። መጽሐፉን የፈሪ ያለው፣ ሙሉቀንን በድምፅ ቀድቶ የሰደበው፣ ለዚያች ቀን ሲል ጉቶ ያንከባለለው ሰው ነው። የመጣው ግን እኔን እያየ ነበር።

«ስመኝ፣ ያ እለፊው ያልኩሽ ገጽ ላይ ነው?»

«አዎ አባዬ።»

እጁን ዘርግቶ ጠመንጃውን ከይበልጣል ወሰደ። መቀርቀሪያውን ስቦ ጥይቱን አወጣና ኪሱ ከተተ። መወልወያውን ዘንግ ከቤት አምጥቶ በአፈሙዙ በኩል አስገባው። ዘንጉ መሐል ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ገፋው፤ አልሄደም። ድጋሚ ገፋው። ከዚያ ዘንጉን እዚያው ተክሎ ትቶ ለሽማግሌዎቹ አሳያቸው። የሚስቅ አልነበረም።

«ልጄ ልክ ናት» አለ አባቴ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። የሰው ልጅ ልገድል ነበር።»

ስለ ጎጃም ሰው ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ አባቴ ይህን በአማቶች ፊት ከመናገር መቶ ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ ዓባይን ቢሻገር ይቀለው ነበር።

እንግዲህ በተረት ቢሆን ይበልጣል እዚህ ላይ ተንበርክኮ ያመሰግነኛል። የሆነው ሌላ ነው። እንግዶቹ ቶሎ ቶሎ ተነሡ። መኪናው ሲሞቅ ይበልጣል ለብቻዬ ወደ አጥሩ ጥግ ጠራኝና አጎቱ ከመሄዳቸው በፊት እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ እንድጠይቅ ነገረኝ። ለምኑ ብዬ ጠየቅሁት።

«እኔ ተሳስተሻል አላልኩም» አለኝ፣ አስተማሪ በሚያስረዳበት ድምፅ። «ችግሩ ልክ መሆንሽ አይደለም። በሰው ፊት መሆኑ ነው።»

«በሰው ፊት ባልናገር ኖሮ አንተ ፊት አይኖርህም ነበር» አልኩት።

አሰብኩበት ብላችሁ አትመኑኝ፤ እንዲሁ አመለጠኝ። መሪጌታ ቢሰሙኝ ይመርቁኝ ነበር። ይበልጣል ግን ሰሙንም ወርቁንም ሳይሰማ ሄዶ መኪናው ውስጥ ገባ።

በዚያ ሳምንት አማላጆች ተመላለሱ። የሞጣዎቹ ቃል አጭር ነበር፤ ልጅቱ ይቅርታ ትጠይቅ፣ ሠርጉ በተቆረጠው ቀን ይሁን። እናቴ አለቀሰች፤ ድግሱ ተጀምሯል፣ ጌሾው ተወቅጧል፣ ለዘመድ ሁሉ ተነግሯል። ከእናቴ ይልቅ የፈራሁት አባቴን ነው፤ ይህን ሠርግ ከእኔ የበለጠ ይፈልገው የነበረው እሱ ነውና። አማላጆቹ ተናግረው ሲጨርሱ አባቴ ጋቢውን አስተካከለ።

«ልጄን ይቅርታ ጠይቂ የሚላት ሰው ሊኖር የቻለው ልጁ ስላልሞተ ነው» አላቸው። «ባትደርስ ኖሮ ይቅርታ የምንጠይቀው እኛ ነበርን፤ እሱም መቃብር ላይ ቆመን። ሂዱና ሠርጉ ቀርቷል፣ ቀኑ ተመልሷል በሉልኝ።»

ከሄዱ በኋላ መፍቻውን አንሥቶ ብረቱን ከጉቶው ፈታ። ብረቱን፣ የተረፉትን ጥይቶችና ባሩዱን ሁሉ ሰብስቦ ራሱ ተሸክሞ ፖሊስ ጣቢያ ወሰደው። ተረኛው ፖሊስ ሳህኑን በጣቱ እያሽከረከረ ይህ የሚጨምቀው ምንድን ነው ብሎ ጠየቀው።

«አማች ነው» አለው አባቴ።

ከምክርና ከጥቂት ግሣጼ ጋር ሸኙት። ጉቶው ብሎኖቹ በበሱት ቀዳዳ ተወጋግቶ ወደ ማጀት ተመለሰ፤ እናቴ ዛሬም ሥጋ ስትከትፍ አጥንት ከቀዳዳው ውስጥ በቢላ ጫፍ እየጎረጎረች አባቴን ትረግማለች።

ይበልጣል እዚያው ሞጣ ያስተምራል፤ አግብቷል፣ ወልዷል። ሁለት ዓይኖቹና አሥር ጣቶቹ እንዳሉ ናቸው። አመስጋኝ ባይሆንም ጤነኛ መሆኑ ደስ ይለኛል። እኔም ቢቸና ተመልሼ ትንሽ መድኃኒት ቤት ከፈትኩ። «ያቺ ጠመንጃ የያዘችው» እያሉ ደንበኞች ይጠቋቆሙብኛል፤ ለንግድ አልጎዳኝም።

አንባቢዎቼ፣ በተለይ ልትዳሩ የተቃረባችሁ፣ ምክር ስጪን ካላችሁኝ ይህችን ብቻ እላለሁ። ሰዎች እጮኛቸውን በደም ምርመራ፣ በዘር ቆጠራ፣ በደመወዝ ይመዝናሉ። ይህ ሁሉ ደግ ነው። አንድ ቀን ግን ብዙ ሰው ባለበት ቦታ፣ ሊያደርገው የተነሣውን ነገር «ቁም» በሉት። የሚያያችሁ እናንተን ነው ወይስ ሰዉን? እኔ መልሱን ያገኘሁት በጠመንጃ ነው፤ እናንተ በቀላል ነገር ብታገኙት ይሻላል።

ከዚያ ወዲህ ለረጅም ጊዜ አንድ ነገር ሳይገባኝ ቆየ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ አባቴን ጠየቅሁት። የመጽሐፉን ምክር አልሰማህም፣ ሙሉቀንን አልሰማህም፣ መሪጌታን አልሰማህም፤ ያን ዕለት እኔን እንዴት ሰማኸኝ አልኩት።

«መጽሐፉንማ ዛሬም አላምነውም» አለኝ። «አንቺ ግን ከልጅነትሽ ጀምሮ ጫማሽ ላይ አቧራ ካየሽ ከቤት የማትወጭ ልጅ ነሽ። ያን ቀን በሽማግሌዎች ፊት በባዶ እግርሽ፣ በአቧራው ላይ እየሮጥሽ መጣሽ። ያኔ ይህች ልጅ የምትሮጠው ሞት አይታ ነው አልኩ።»

እኔ በባዶ እግሬ መሆኔን እስከዚያች ቀን ድረስ አላውቅም ነበር።